ትራፊ ሁሉ ስም ነበረው

እናቴ ጠላ በምትጠምቅበት ሳምንት ከግቢያችን የሚወጣው ነገር ሁሉ የሚደርስበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። አተላው በባልዲ ተሞልቶ በሬ ወደሚያደልቡት ጎረቤታችን ይሄዳል፤ የጋኑ እጣቢ በጌሾው ሥር ይደፋል፤ በሰፌድ ተበጥሮ የተለየው ግርድ ለዶሮዎች ይበተናል፤ ከምድጃው የሚጠረገው አመድ ግማሹ ለድስት መፈተጊያ በጣሳ ሲቀመጥ ግማሹ በጎመኑ መደብ ላይ ይነሰነሳል። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ያረጀ ነጠላ በመጀመሪያ ለሕፃን መጠቅለያ፣ ሲሳሳ ደግሞ ለምጣድ ማሰሻ ይውላል፤ ማሰሻውም ከጥቅም ሲወጣ በጎመን ዘር ቅባት የራሰ ስለሆነ እሳት ለማቀጣጠል ይጠቅማል። ከሰፈራችን ሱቅ ስኳርና ቡና የሚመጣው ከተማሪ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተጠቅልሎ ስለነበር፣ የማላውቀው ልጅ የሠራውን የሂሳብ ጥያቄ እያነበብሁ ወደ ቤት የተመለስሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ወረቀቱም ቢሆን ከምድጃው አያልፍም።

በዚያ ቤት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ የሚባል ዕቃ አልነበረም። የእናቴን ዘመን ናፍቄ የማወራ እንዳይመስል ግን ሌላውንም መናገር አለብኝ። የምድጃው ጭስ ዓይኗን ጎድቶታል፤ እንስራ ተሸክማ የወጣችው ዳገትም ወገቧን። ወደዚያ ኑሮ እንመለስ ብዬ ለማንም ልመክር አልችልም። ከዚያ ቤት ልወስድ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ትራፊ ሁሉ የየራሱ ስም የነበረው መሆኑ ነው። አተላ፣ ግርድ፣ ጭድ፣ ገለባ፣ እብቅ፣ ልጣጭ፣ እጣቢ፣ ፍርፋሪ፣ ጭላጭ፣ እራፊ፣ አመድ። ስሙን የሚያውቅ ሰው መሄጃውንም ያውቃል፤ ጭድ ከተባለ ለምርጊት፣ አተላ ከተባለ ለከብት፣ እራፊ ከተባለ ለመጣፊያ ነው። ዛሬ በጎንደር ከተማ በምኖርበት ቤት ግን እነዚህ ሁሉ፣ ከእነርሱም በኋላ የመጡት ብዙ ነገሮች፣ የሚጠሩት «ቆሻሻ» በሚለው አንድ ቃል ነው። በአንድ ቃል የተጠራው በአንድ ጆንያ ይገባል፤ በአንድ ጆንያ የገባው ደግሞ ለምንም ሳይሆን ይቀራል።

ይህን ነገር በጥሞና እንዳስብ ያደረገኝ በልዩ ልዩ አገሮች ስለሚካሄደው የዜሮ ዌስት እንቅስቃሴ ማንበብ መጀመሬ ነው። ስያሜው ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዜሮ ቆሻሻ» ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ «ብክነት አልባ» የሚለውን እመርጣለሁ። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል የሆነው ነገር በእኛ ቋንቋ ቆሻሻና ብክነት ተብሎ ለሁለት የተለየ ሲሆን፣ ቆሻሻ የሚለው ዕቃውን ይወቅሳል፤ ብክነት የሚለው ግን ያባከነውን ሰው ይጠይቃል። እንቅስቃሴውም የሚጠይቀው ሰውን ነው። ዓለም አቀፉ የዜሮ ዌስት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቆ በ2018 ባሻሻለው ትርጓሜ መሠረት፣ ዓላማው ምርቶችን፣ ማሸጊያዎችንና ቁሶችን በኃላፊነት በማምረት፣ በመጠቀም፣ መልሶ በማግኘትና ደግሞ በመጠቀም የተፈጥሮ ሀብትን ሁሉ መጠበቅ ነው፤ ይህም ሳያቃጥሉ፣ እንዲሁም አካባቢንና የሰውን ጤና የሚጎዳ ነገር ወደ መሬት፣ ወደ ውኃ ወይም ወደ አየር ሳይለቁ የሚደረግ ነው። ትርጓሜው ከማምረት መጀመሩን ልብ ይሏል። ስለ ቆሻሻ ስንነጋገር የኖርነው ገንዳው የት ይቀመጥ፣ መኪናው በየስንት ቀኑ ይምጣ እያልን ነው። እነዚህ ሰዎች ግን መሄጃ የሌለው ነገር መጀመሪያውኑ ለምን ተሠራ ብለው ይነሣሉ።

ካነበብኋቸው ቦታዎች ሁሉ በልቤ የቀረችው በጃፓን ተራሮች መካከል ያለችው ካሚካትሱ ናት። ነዋሪዎቿ ከ1,500 ያነሱ ናቸው፤ ከእኛ አንዲት የገጠር ቀበሌ አትበልጥም። ከተማይቱ ቆሻሻዋን ታቃጥልባቸው የነበሩት ትንንሽ ማቃጠያዎች የአገሪቱ ሕግ በመርዛማ ጭስ ላይ ሲጠብቅ ተዘጉ፤ አዲስ ለመሥራትም አቅሙ አልነበራትም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓን የመጀመሪያዋ ሆና ብክነት አልባ ለመሆን አወጀች። ቆሻሻ ሰብሳቢ መኪና የላትም። ሰዉ የምግብ ትራፊውን በየቤቱ ያበሰብሳል፤ ሌላውን አጥቦና አድርቆ ራሱ ወደ አንድ ጣቢያ ያመጣል፤ በዚያም ከ40 በላይ ቦታ ለይቶ ያስቀምጣል። ጋዜጣው ከካርቶኑ፣ ነጩ ጠርሙስ ከቡናማው፣ የጠርሙሱ ክዳን ከጠርሙሱ ይለያል። አንዱ የማይፈልገውን ዕቃ አስቀምጦ ሌላው የሚወስድበት ቤትም አላቸው። በዚህ መንገድ ከሚሰበሰበው 80 በመቶ ያህሉ እንደገና ለጥቅም ይውላል፤ ይህም ከጃፓን አጠቃላይ አማካይ አራት እጥፍ ገደማ ነው።

ስለዚያች ከተማ የሚጽፉ ሰዎች በክፍልፋዩ ብዛት ይደነቃሉ። ለእኔ ግን ነገሩ ከእናቴ ቤት የመጣ መሰለኝ። ከ40 በላይ ቦታ መለየት ማለት ከ40 በላይ ስም ማወቅ ነው፤ በእናቴ ግቢም የትራፊ ስም ተቆጥሮ አያልቅም ነበር። በካሚካትሱም ቢሆን እስከ 2020 ወደ ዜሮ እንደርሳለን ያሉት አልሞላም፤ 20 በመቶ ያህሉ ቀረ። የቀረው የሕፃን ዳይፐር፣ ከልዩ ልዩ ቁስ ተጣብቆ የተሠራ ጫማ፣ አንዳንድ የፕላስቲክ ዓይነትና ይህን የመሰለው ነው። ሰዎቹ መለየት ስላልቻሉ የቀረ አይደለም፤ ሲሠራ ጀምሮ መሄጃ ያልተበጀለት ስለሆነ ነው። የአንድ ትንሽ መንደር ትጋት የፋብሪካን ጥፋት ሊያርም የሚችለው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

የኢጣልያዋ ካፓኖሪ ታሪክ ከዚህ ይቀጥላል። በዚያ ሊሠራ የታቀደውን የቆሻሻ ማቃጠያ የተቃወመው ሮሳኖ ኤርኮሊኒ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ እኔም መምህር ስለሆንሁ ታሪኩን ያነበብሁት በልዩ ስሜት ነው። ካፓኖሪ እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ ለብክነት አልባነት የመጀመሪያዋ ቃል ገቢ ከተማ ሆነች፤ መምህሩም በ2013 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን ተቀበለ። በከተማይቱ የተቋቋመው የምርምር ማዕከል ሥራው ቀላል ነው፤ ሰዉ ሁሉን ለይቶ ከጨረሰ በኋላ በመጨረሻው ከረጢት የቀረውን ይመረምራል። ከተገኙት ነገሮች አንዱ ለአንድ ስኒ ቡና ብቻ የሚሆን፣ በብረትና በፕላስቲክ የታሸገ የቡና እንክብል ነበር። ነዋሪውን ከመውቀስ ይልቅ አምራቾቹን ጠርተው ስለ አሠራሩ አነጋገሩ።

ይህን ሳነብ የቡናችን ነገር መጣብኝ። ከአንድ ጀበና፣ ከአንድ እፍኝ ቡና፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስት ጊዜ የምንጠጣ ሰዎች ነን፤ የቡናው አተላም ወደ ተክል ሥር ይሄዳል። ያ እንክብል የያዘው ቡና ምናልባት ከእኛው ምድር የሄደ ሊሆን ይችላል። ከእኛ ሲወጣ በጆንያ የወጣ ፍሬ እዚያ ሲደርስ ለእያንዳንዱ ስኒ የራሱ መቃብር ተሠርቶለታል።

በዓለም ደረጃ ስለ ጉዳዩ የሚነገረውን ባጭሩ ልንካው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 21 የሚውለው ቀን ከ2023 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የብክነት አልባነት ቀን ሆኖ ይከበራል። የድርጅቱ የአካባቢ መርሐ ግብር በ2024 ባወጣው ዘገባ በ2023 የዓለም ከተሞች ቆሻሻ 2.1 ቢሊዮን ቶን እንደነበረ፣ ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ በ2050 ወደ 3.8 ቢሊዮን ቶን እንደሚደርስ ገምቷል። የዓለም ባንክ በ2018 እንዳሳየው ደግሞ ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ብቻ የሚሆኑት የባለጸጋ አገሮች ነዋሪዎች ከጠቅላላው ቆሻሻ 34 በመቶውን ያመነጫሉ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ግን ከሚጣለው ከግማሽ በላይ የሆነው የምግብና የአትክልት ትራፊ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። የጆንያችን አብዛኛው ክብደት መሬት ራሷ ልትቀበለው የምትችለው ነገር ነው ማለት ነው።

እውነት መሆኑን በቤቴ ልሞክረው አሰብሁ። ለአራት ሳምንታት የቤታችንን ትራፊ በአምስት ጆንያ ለየሁ። ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተበላሸ ምግብ በአንዱ፤ አመድና ጥራጊ በሁለተኛው፤ ወረቀትና ካርቶን በሦስተኛው፤ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ሃይላንድ በአራተኛው፤ የቀረው ሁሉ በአምስተኛው። (ሃይላንድ ስንል የውኃ ፕላስቲክ ሁሉ ማለታችን ነው፤ ውኃውን በዚያ ስም የሚሸጠው ቢጠፋም ስሙ ከዕቃው ላይ አልለቀቀም።) በሥራው ያገዘችኝ የወንድሜ ልጅ ስትሆን፣ እናቴም ከበራፉ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ታየን ነበር። ልጅቱ እያንዳንዱን ነገር ብድግ እያደረገች «እምዬ፣ ይሄስ ምን ይባላል?» ትላታለች፤ እናቴም ትነግራታለች። አንድ ቀን ልጅቱ ከውስጡ የሚያብረቀርቅ የብስኩት ማሸጊያ አነሣች። እናቴ ተቀብላ አገላበጠችው፤ በጣቷ አሸችው፤ አሸተተችውም። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄንንስ እኔ አላውቀውም» ብላ መለሰችላት።

ማሸጊያው ስስ የፕላስቲክና የብረት ንጣፎች አንድ ላይ ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ ከተጣበቁ በኋላ መልሶ የሚለያያቸው ሥራ በእኛ አገር ቀርቶ በሌላውም ከባድ ነው። አምስተኛው ጆንያ በእንዲህ ያለው ነገር ተሞላ። የአንድ ጊዜ ሻምፑ፣ የዱቄት ሳሙና ከረጢት፣ የተቀዳደደ ፌስታል፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የእንግዶቻችን ሕፃን ዳይፐር። በክብደት ከሁሉም ያነሰ ነበር፤ የመጀመሪያው ጆንያ ብቻውን የሌሎቹን ድምር ያህል ይከብዳል።

በወሩ መጨረሻ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች ጋሪያቸውን እየገፉ ሲመጡ አምስቱንም ጆንያ ለይቼ ሰጠኋቸው፤ አንደኛው ወጣት ግን ሁሉንም በአንድነት ገለበጣቸው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኀዘን አልደብቅም። ለምን እንዳደረገው ስጠይቀው በትሕትና መለሰልኝ፤ «እትዬ፣ እኛ የምናራግፍበት ቦታ አንድ ነው። ለይተሽ ብትሰጪን ለይተን የምናደርስበት የለንም» አለኝ። እውነቱን ነው። እርሱ ራሱ ሃይላንዱን ከክምሩ ላይ በእጁ እየለቀመ ወደ ሌላ ጆንያ ይከት ነበር፤ በኪሎ የሚገዛ ነጋዴ ስላለ መሄጃ አለው። ያየሁት ነገር የወጣቱን ጥፋት አላሳየኝም፤ ገዢ ያለው ነገር ሁሉ ሳይነገረው ይለያል፤ ገዢ የሌለው ግን በምክር ብቻ አይለይም። በየሰፈሩ «ቆርቆሮ ያለው!» እያሉ የሚዞሩት፣ አሮጌ ልብስ ተቀብለው ሳህን የሚሰጡት ልዋጮች፣ ከጎማ ጫማ የሚሠሩት ሰዎች ማንም ስብሰባ ጠርቶ አላስተማራቸውም። የዳሽን ቢራ ጠርሙስ በሣጥን ወደ ፋብሪካው ተመልሶ የሚሞላው ባዶው ጠርሙስ ዋጋ ስላለው ነው። ያን ያህል የሚቀርበን ምሳሌ እያለን የውኃው ፕላስቲክ ተመላሽ እንዳይሆን የፈቀድነው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሕግስ አለን። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን የሚከለክል ድንጋጌም ነበረው። ሆኖም እኔ ከቅዳሜ ገበያ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ገዝቼ ስመለስ ሦስቱም በሦስት ስስ ፌስታል ሆነው የመጡበት ዘመን ያ አዋጅ ከወጣ በኋላ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታልን ምርትና አገልግሎት የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017 ይህን አድርገዋል፤ ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር አይደለም። ዘንቢል የሚሰፉት እናቶች አሁንም አሉ፤ ድፎ የሚጋገርበት ኮባም ቅጠሉ አልጠፋም። የምሰጋው ፌስታሉ ሲቀር በቦታው ሌላ የአንድ ቀን ዕቃ እንዳይተካ ነው፤ የአንድ ቀን ዕቃ ከምንም ቢሠራ የአንድ ቀን ዕቃ ነውና።

አዲስ አበባ ውስጥ የሆነውንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የከተማው ቆሻሻ የሚከመርበት ቦታ «ቆሼ» ተብሎ የሚጠራ ነው፤ የከተማው ትራፊ ሁሉ ስሙን አጥቶ በአንድ ቦታ ሲከመር የቦታው ስም ራሱ ከዚያው ቃል ወጣ። ለአሥርተ ዓመታት የተከመረው ተራራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው፣ ከዚያው ለቅመው የሚኖሩ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው አካባቢ የረጲ የኃይል ማመንጫ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ለመስጠት ተመረቀ። ማቃጠል መፍትሔ የሚመስላቸውን ሰዎች ስሜት እረዳለሁ፤ ያን ተራራ ያየ ሰው ቢቃጠልስ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የእኛ ቆሻሻ አብዛኛው እርጥብ ልጣጭ ስለሆነ እሳት በደንብ አይበላውም፤ ማቃጠያ ደግሞ አንዴ ከተሠራ በየቀኑ እንዲቀለብ የሚፈልግ በመሆኑ ቆሻሻ እንዲቀንስ ከሚሻው ሐሳብ ጋር ይጋጫል። በሌላ በኩል እርጥቡን አየር በማይገባው ክምር ውስጥ መቅበርም ሚቴን የተባለውን፣ የምድርን ሙቀት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ በበለጠ ኃይል የሚጨምረውን ጋዝ ያመነጫል። ስለዚህ ከቤት ሳይወጣ መለየቱ ከሁለቱም ይሻላል እላለሁ።

በክረምት ጊዜ በሰፈራችን አንድ አባባል አለ፤ ጥራጊውን ወደ ቦዩ የሚገፋ ሰው «ጎርፍ ይወስደዋል» ይላል። ጎርፉ በእርግጥ ይወስደዋል። ከከተማዋ በአንድ ወገን አንገረብ፣ በሌላው ወገን ቀሃ ይወርዳሉ፤ ሁለቱም ወደ መገጭ ገብተው በደንቢያ ሜዳ አድርገው ጣና ይደርሳሉ። ጣና በእምቦጭ ሲታፈን ልባችን የተሰበረው የጎንደር ሰዎች፣ ከየደጃፋችን የሚነሣው ውኃ መንገዱ ወዴት እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። ቀሃ ደግሞ የሌላ ወንዝ ወንድም ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ለጥምቀት የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከእርሱ በሚጠለፍ ውኃ ነው። ጥር 11 ቀን የሚባረከውን ውኃ በጀሪካን ቀድተን ቤታችን እናስቀምጣለን፤ ለበሽተኛ እናጠጣለን። በዚያው ሣር ላይ በማግስቱ የሚታየው ባዶ ሃይላንድ ግን የእኛው ነው። ወጣቶች ተሰባስበው ሲለቅሙ አይቻለሁ፤ እኔም ተማሪዎቼን ይዤ ለቅሜአለሁ። በለቀምን ቁጥር የሚሰማኝ ግን ይህ ሥራ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን እንደማይገባ ነው፤ ለዚያ ቀን የመጣ ሰው የሚጠጣውን ውኃ ከቧንቧ ወይም ከእንስራ የሚያገኝበት ነገር ቢዘጋጅ ኖሮ የሚለቀም አይኖርም ነበር።

ከወጣቱ ጋር ከተነጋገርሁ በኋላ በጓሯችን ጥግ አንድ ክንድ ከስንዝር የጠለቀ ጉድጓድ አስቆፈርሁ። ልጣጩ፣ የቡናው አተላና የእንጀራ ትራፊው ወደዚያ ይገባል፤ በላዩ ጥቂት አመድ፣ ደረቅ ቅጠልና አፈር ይለብሳል፤ በየሳምንቱ ይገላበጣል። በግ የምታረባ ጎረቤታችን የጎመንና የድንች ልጣጭ ለእርሷ እንዲለይላት ጠይቃኝ ስለነበር፣ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው በጣም አነሰ። የልጣጩ ማጠራቀሚያ በሰፈራችን «ማዳበሪያ» የሚባለው ከረጢት ነው፤ ቀድሞ የፋብሪካ ማዳበሪያ ይመጣበት ስለነበር ስሙ ወደ ከረጢቱ ተላለፈ። ለብዙ ዓመታት ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን ነገር ማዳበሪያ በሚባል ከረጢት አሥሬ ስጥል መኖሬን ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው።

ጉድጓዱን ከስድስት ወር በኋላ ከወንድሜ ልጅ ጋር ከፈትነው። ጥቁርና ልል አፈር ሆኖ ነበር፤ ሽታውም የዝናብ ማግስት መሬት ሽታ ነው። እናቴ እፍኝ ሙሉ ወስዳ ጤና አዳሟ ሥር አደረገችው። ልጅቱ የቀረውን በወንፊት ስትነፋ ሳናየው ከልጣጭ ጋር የገቡ ነገሮች ከላይ ቀሩ፤ አራት የፌስታል ቁራጭ፣ የሻይ ከረጢት መረብ፣ ከሙዝ ልጣጭ ያልተላጠ ትንሽ ተለጣፊ ምልክት። ከገቡበት ቀን ምንም አልተለወጡም። በባልዲ ውኃ አጥባ አምስተኛው ጆንያ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ጆንያውም እስካሁን በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።